የአይጦቹ አንጎልና የጋሼ መርፌ

በቤታችሁ ብዙ የሚያነብ ሰው ካለ፣ ለእሱ ሳይሆን ለቀረው ቤተሰብ እዘኑ። የእኛ ቤት አንባቢ እኔ ነኝ። እንጅባራ በአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ አረቅቃለሁ፤ ከሥራ ስወጣ እጄ የገባውን ሁሉ አነባለሁ፤ ያነበብሁትን ደግሞ ለሰው ሳልነግር እንቅልፍ አይወስደኝም። ከዚህ ሌላ አንድ የቆየ ሕመም አለብኝ፦ ሰው ሁሉ “አዎ” ካለ እኔ “እንዴት ሆኖ?” እላለሁ። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ “ዛሬስ ይዘንባል” ብሎ ስለ ተስማማ ብቻ በሐምሌ ጃንጥላ ጥዬ ወጥቼ አውቃለሁ። የእንጅባራን ሐምሌ የምታውቁ ምን እንደ ሆንሁ ታውቃላችሁ። ሦስት ቀን ተኝቼ ስነሣ፣ ያሳመመኝ ዝናቡ ሳይሆን ብርዱ ነው ብዬ ተከራክሬአለሁ።

እንዲህ ያለ ሰው በራሱ ሳንባ ቢጫወት ግድ የለም። እኔ የወንድሜን አንጎል ነው የነካሁት።

ወንድሜ አያሌው ይባላል፤ እኔ ጋሼ እለዋለሁ። ዳንግላ ከተማው ዳር፣ ከአባታችን በቀረው ግቢ ውስጥ ከሁላችን ታላቅ ከሆነችው እህታችን ከእታለም ጋር ይኖራል። በወጣትነቱ ፈረሰኛ ነበር። በእኛ አገር በአዊ ፈረስ የሌለበት ነገር የለም፤ ይታረስበታል፣ ገበያ ይወረድበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይደረስበታል። ፈረስ የተቀመጠ ሁሉ ግን ፈረሰኛ አይባልም። ፈረሰኛ የሚባለው ጉግስ ሊወጣ መሆኑ ሲሰማ እናቶች ሴት ልጆቻቸውን ወደ ጓዳ የሚያስገቡበት ሰው ነው። በጋሼ ዘመን የዳንግላ ጓዳዎች ሞልተው ነበር።

ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማው ጀመር። ጸበል ወሰድነው፤ አሰርነው፤ ፈታነው፤ እንደገና አሰርነው። በመጨረሻ ሐኪም አየውና የወር መርፌ ታዘዘለት። ድምፆቹ ሄዱ። ሲሄዱ ግን ባዶ እጃቸውን አልሄዱም፤ ሳቁንም ፉጨቱንም ይዘውበት ሄዱ። ፊቱ ቀኑን ሙሉ እንደ ተዘጋ ሱቅ ሆነ። እርምጃው አጠረ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አፉ ያለ ምግብ ማኘክ ጀመረ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ምላሱ ወጣ ይልና ይመለሳል፣ እሱ አያውቀውም። የሰፈሩ ልጆች “አያ ማስቲካ” ይሉታል። ለእታለም ፈረስ ለዳማው ሳር ያጭዳል፣ ውሃ ያጠጣዋል፤ አይቀመጥበትም። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረ።

አንድ ቅዳሜ ስልኬ ላይ ስለ አይጦች የሚያወራ ጽሑፍ አገኘሁ። አይጦቹ ለረጅም ጊዜ እንደ ጋሼ ያለ መድኃኒት ይሰጣቸዋል። ከዚያ ይገደሉና አንጎላቸው ከቋንጣ ይበልጥ ሳስቶ ይቆረጣል፤ ምልክት የተደረገበት ንጥረ ነገር ይፈስበትና የት ላይ ምን ያህል ተጣበቀ ተብሎ ይለካል። ነገሩ ሲቀል እንዲህ ነው። በአንጎል ውስጥ ተቀባይ የሚባሉ ጥቃቅን በሮች አሉ። ዶፓሚን የሚባል መልእክተኛ በነዚያ በሮች ይገባል። መድኃኒቱ እንደ በረኛ ሄዶ በሩ ላይ ይቀመጥና መልእክተኛውን ይመልሰዋል። አንጎል ግን እንደ እኔ ተከራካሪ ነው፤ በር ሲዘጋበት ሌላ በር ይከፍታል። መድኃኒቱን ብዙ ጊዜ በወሰዱት አይጦች ላይ በሮቹ በዝተው ተገኙ።

ቀጥሎ የመጣው ዓረፍተ ነገር አይጦቹ ባዶ አፋቸውን ያኝካሉ ይላል።

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ያን የጋሼን አፍ ስንት ዓመት ሳየው ኖሬ፣ ከየት እንደ መጣ የሚነግረኝ ከአይጥ በቀር ጠፋ? መልሼ ሳነሣው ኔትወርኩ ሄዷል። ሁለተኛው ገጽ አልከፈት አለ። ከመጀመሪያው ገጽ የምፈልገውን አግኝቼ ስለ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁለተኛውን ያን ያህል አልፈለግሁትም።

በማግሥቱ ሚኒባስ ይዤ ዳንግላ ገባሁ። እታለም ድንች እየላጠች ነው። ካልተላጡት ድንቾች ጥቂት አንሥቼ ትሪ ላይ ደረደርሁና ትምህርቱን ጀመርሁ።

“እነዚህ በሮቹ ናቸው።”

“ድንቾቹ?”

“በር ናቸው በይ። መርፌው እዚህ ላይ ይቀመጣል። አንጎል ሲጨንቀው ይኸው ሌላ ይጨምራል፣ ሌላ ይጨምራል። በሽታውን የሚያበዛው ራሱ መርፌው ነው ማለት ነው።”

“ይህን በማን ላይ ነው ያዩት?”

“በአይጥ ላይ።”

እታለም ቢላዋውን አስቀመጠች። “አያሌው ምኑ ነው አይጥ?”

“እታለም፣ የሁሉም አንጎል አንድ ነው።”

“ያንተስ ይሆናል” አለችና መላጧን ቀጠለች።

ጎረቤታችን አያ ፈንታ፣ የሰፈሩ እድር ዳኛ፣ በሩ ላይ ቆሞ ሲሰማ ኖሯል። እሱ መርፌውን ተዉና ወደ ጸበሉ መልሱት እያለ ሲመክር የኖረ ሰው ነው፤ እኔ በዚህ ጉዳይ ስንት ዓመት ተሟግቼዋለሁ። አሁን ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠና “እሰይ፣ የተማረውም ገባው” አለ። ሰው ከእኔ ጋር ሲስማማ ደስ አይለኝም። አያ ፈንታ ሲስማማ ጊዜማ ተነሥቼ መሸሽ ነበረብኝ። አልሸሸሁም። ሁለታችን ከግራና ከቀኝ እታለምን ይዘን እስክትደክም ድረስ አስረዳናት።

ጋሼ ደጅ ሳር ይዞ ቆሞ ነበር። ጠርተን ነገርነው እንጂ አልጠየቅነውም። አፉን እያኘከ ተመለከተንና “እናንተ ካላችሁ” አለ።

የዚያን ወር መርፌ አልወሰደም። ምንም አልሆነም። የሚቀጥለውንም አልወሰደም። ሦስተኛው ወር ሲጋመስ ግቢው ስገባ ከቤቱ ኋላ ፉጨት ሰማሁ። መጀመሪያ ሌላ ሰው መሰለኝ። ጋሼ ነው። ዳማውን እያሻሸ በወጣትነቱ ወደ ጉግስ ሲወጣ የሚያፏጨውን ዜማ ያፏጫል። ዘወር ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ።

“አንተ፣ ይህን ሁሉ መጽሐፍ የምታነበው በሆድህ ነው እንዴ? ሌላ ያደገ ነገር አላይብህም።”

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው እንዲህ ሰድቦኝ አያውቅም። ወደ ሽንት ቤቱ ኋላ ሄጄ አለቀስሁ።

እነዚያን ሳምንታት ምን ብዬ ልንገራችሁ? በየቅዳሜው እሄዳለሁ። ጋሼ ይቀልዳል፣ የአያ ፈንታን አረማመድ እያስመሰለ ያስቃል። ዳማውን ጭኖ ተቀመጠበት፤ ወገቡ ቀጥ አለ። እታለም እንኳ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ስታየው ነበር። እንጅባራ ስመለስ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአንጎል ሐኪም ሆንሁ፤ ራስ ምታት ያለበት ሁሉ በሮቹን እንድቆጥርለት ወደ እኔ ይመጣ ጀመር። አፉ ማኘኩን አለመተዉን፣ እንዲያውም መባሱን አይቻለሁ። አይቼም ለራሴ አልነገርሁም።

ከዚያ እታለም ደወለች።

“እንቅልፍ ትቷል። ከፈረሱ ጋር ነው የሚያወራ።”

“ፈረሰኛ ከፈረሱ ጋር ያወራል፣ እታለም።”

“አሁን ግን ይመልስለታል።”

“ማን? ጋሼ?”

“ፈረሱ። ለሲስተር ብርቱካን ልንገራት?”

ሲስተር ብርቱካን መርፌውን የምትወጋው ነርስ ናት። ለእሷ ከተነገረ የእኔ አይጦች ተሸነፉ ማለት ነው። “ቅዳሜ እስክመጣ ጠብቂ” አልኋት። ቀኑ ሰኞ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። እታለም ናት፤ ድምፅዋ ይቆራረጣል። “አያሌው ትናንት ጎሕ ሲቀድ ዳማውን ጭኖ ወጣ… አላደረም… ዳማው አሁን ብቻውን መጣ። ጋቢው ኮርቻው ላይ ነው፣ ባርኔጣውም ታስሮበታል…” ስልኩ ተቋረጠ። ብደውል ብደውል አልገባ አለ።

እኛ ዘንድ ፈረስ ያለው ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ የሟቹ ጋቢና ባርኔጣ ኮርቻው ላይ ተደርጎ፣ ማንም ሳይቀመጥበት በለቅሶው መካከል ይሳባል። ያን ያየ ሰው ማን ሞተ ብሎ አይጠይቅም። እኔ እታለም ይህን ልትነግረኝ የደወለች መሰለኝ። መርዶ በስልክ እንዲህ ዙሮ ነው የሚነገረው።

ሚኒባስ ውስጥ አለቀስሁ። ጎኔ የተቀመጠች ሴት “ማንህ ነው?” አለችኝ፤ “ወንድሜ” አልኋት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አብራኝ አለቀሰች። መንገዳችን ላይ ካለችው ከአዲስ ቅዳም ከተማ የተሳፈሩት ሰዎች የሚያለቅስ መኪና ሲያገኙ እነሱም ገቡበት። ዳንግላ ስንደርስ የግቢያችንን በር ገፍቼ “ወንድሜን፣ ወንድሜን” እያልሁ ገባሁ።

ግቢው ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ያልገባኝ ነገር፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አንድም ያለቀሰ አልነበረም። ፈረሱን አይተው ፈርተዋል፤ ፈረሰኞች ወንዝ ወንዙን ሊፈልጉት ወጥተዋል፤ እታለም “ይመጣል” እያለች በእምቢታ ቆማለች። እንጅባራ ያለሁት፣ ሰው ሁሉ ያመነውን የማላምነው እኔ፣ እያለቀስሁ ስገባ ሬሳው እኔ ዘንድ ተገኝቷል ማለት ሆነ። አያ ፈንታ ባርኔጣውን አወለቀ። “ይህ ሰው ካመነ ነገሩ አብቅቷል” አለ። እታለም እንዳየችኝ መሬት ላይ ተቀመጠች። ያን አቀማመጧን ከዓይኔ የሚያጠፋልኝ መድኃኒት ቢገኝ በየወሩ እወጋው ነበር።

እኔ እነሱ ያውቃሉ ብዬ፣ እነሱ እኔ አውቃለሁ ብለው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ተተከለ። ስለ ሬሳው ማን ይጠይቃል? እህት ወንድሙ እያለቀሱ “ሬሳው የታለ?” የሚል ባለጌ አልተገኘም። ዳማው ጋቢውን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ኮርቻው ላይ ይዞ፣ በሰው መካከል ተሳበ። አልቃሿ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በአዊኛ አወረደችው፤ በጉግስ ሲመጣ ምድር እንዴት እንደሚነዋወጥ፣ የእናቶቹን ጓዳ ሳይቀር። ጥርስ የሌላቸው ሴቶች ሳይቀሩ በዚያ ጓዳ ነበርሁ እያሉ አለቀሱ።

አርብ ረፋድ ላይ አያ ፈንታ ወረቀትና እስክርቢቶ አመጣልኝ። “የሕይወት ታሪኩን አንተ ጻፍ፤ ከአንተ በላይ ማን ይጽፋል” አለኝ። ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥሁ። መወለዱን፣ ልጅነቱን፣ ፈረሰኛነቱን፣ ለድሃ ያረሰውን፣ የገላገለውን ጠብ ስጽፍ አንድ ገጽ ሞላ፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ላይ ደረስሁ። ቀጥሎ ስለ ሃያ ስድስቱ ዓመት ልጽፍ እስክርቢቶውን አስጠጋሁ። ምንም አልመጣልኝም። ደብዳቤ ማርቀቅ እንጀራዬ የሆነው ሰው “ከዚያም ለረጅም ጊዜ በሕመም ላይ ቆይቶ” ብዬ ዘጋሁት። አይጦቹ እንኳ ከዚህ የሚሻል ተጽፎላቸዋል።

ቆሜ አነበብሁት። ሕዝቡ ይንሰቀሰቃል። “ከዚያም ለረጅም ጊዜ በሕመም ላይ ቆይቶ” የሚለው ላይ ስደርስ ከድንኳኑ አፍ ያሉት ሰዎች ዝም አሉ። ቀና አልሁ። ፊቱ በከሰል የጠቆረ፣ ጫማው በጭቃ የከበደ ሰው ሰዉን “ይቅርታ፣ ይቅርታ” እያለ ገብቶ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጠ። አፉን ያኝካል።

ከጎኑ የነበረው አያ ፈንታ ነው። ጋሼ ወደ እሱ ዘንበል ብሎ በለቅሶ ቤት ወግ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀው።

“ማን ነው የሞተ?”

አያ ፈንታ “አያሌው” አለ።

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። “እኔም ሰምቻለሁ” አለ። “መንገዱን ሙሉ ሲነግሩኝ ነበር።” ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ከሁላችን በላይ አለቀሰ።

ደግ ሰዎች ከሰል የሚያከስሉበት የዲከረንስ ዛፍ ደን ውስጥ አሳድረውት ኖሯል፤ አብልተውም መንገዱን አሳይተው ሰድደውታል። ጋቢውን ለምን ለፈረሱ እንዳለበሰው ሲጠየቅ “በርዶት ነበር” አለ። ባርኔጣውንም ለዚያው ነው። ከዚያ ድምፆቹ ሂድ አሉት፤ ዳማውን “አንተ ወደ ቤት፣ እኔ ወደዚህ” ብሎ ተለየው።

እታለም ከሰሉን ከፊቱ በነጠላዋ እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች።

“አንተ አይደለህም አልቅሰህ የመጣኸው?”

“አንቺ አይደለሽም መርዶ የደወልሽልኝ?”

“እኔማ ና እንፈልገው ልልህ ነበር።”

ያልሞተ ሰው ድንኳን ማን እንደሚነቅለው በእድሩ ደንብ አልተጻፈም። አያ ፈንታ ከሽማግሌዎች ጋር እስከ ማታ መከረበት። አልቃሿ ተቀየመች፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ በሕይወቷ አውርዳ እንደማታውቅና ጋሼ በእውነት ሲሞት ምን እንደምትል አሁን ጨንቋት እንደሚኖር ነገረችኝ። ሰዎች እየወጡ ጋሼን “እንኳን ደህና መጣህ” ማለት ይሁን “እግዜር ያጽናህ” ማለት ግራ ገብቷቸው ሁለቱንም አሉት። እሱ ለሁለቱም አመሰገነ።

ቅዳሜ ሲስተር ብርቱካን ዘንድ ይዘነው ሄድን። አይጦቼን፣ በሮቼን፣ ድንቾቼን ሁሉ ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

“ያነበቡት እውነት ነው” አለች። “በሩ ይበዛል። ታዲያ በረኛውን በአንድ ቀን ሲያነሡት፣ ያ የበዛው በር ሁሉ ወለል ብሎ ሲቀር፣ ማን እንዲገባ ነበር ያሰቡት? ይህስ አልተጻፈም?”

“ሁለተኛው ገጽ ላይ ይሆናል።”

“እና?”

“ኔትወርክ አልነበረም።”

አልሳቀችም። “የአፉን ነገር መጥተው ቢነግሩኝ ኖሮ ወደ ሐኪሙ እልከው ነበር። ቀስ እየተባለ ይቀነሳል፣ ሌላ መድኃኒትም ይሞከራል።” መርፌውን እያዘጋጀች ዝቅ ባለ ድምፅ ጨመረች። “እኔም በየወሩ እያየሁት አሳልፌአለሁ። ወረፋው ሲረዝም የማየው ክንዱን ብቻ ነው።”

አሁን ሐኪሙ አይቶታል፤ መጠኑም ትንሽ ቀንሷል። ድምፆቹ ርቀዋል። ሳቁም አብሮ ርቋል፤ ፉጨቱ ከሄደ ሁለት ወር ሆነው። እኔ መርፌው በሚደርስበት ቀን ከእንጅባራ እየመጣሁ አብሬው እሄዳለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ብቻውን የሄደበትን መንገድ እስካሁን አብሬው ሄጄበት አላውቅም ነበር። በእነዚያ አጫጭር እርምጃዎች ሩቅ ነው። መርፌው የተወጋው ቦታ ለቀናት እንደሚያመው፣ ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሚወጡበትን ሰዓት ለማለፍ በጠዋት እንደሚነሣ፣ አንድም ወር ቀርቶ እንደማያውቅ፣ እኔ ካስቀረሁት በስተቀር፣ ያወቅሁት በዚህ መንገድ ላይ ነው።

ባለፈው ወር ወረፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። አፉን ያኝካል። ወደ እኔ ሳያይ “ያኛው አያሌው ይሻልህ ነበር” አለ። “የሚቀልደው።”

እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ስለ እጅ መታጠብ የሚል ማስታወቂያ ማንበብ ጀመርሁ።

“እኔም እወደዋለሁ” አለ። “ግን እሱ ሲወጣ አይመለስም። እታለም ደጅ ትቀመጣለች።”

ሲስተር ብርቱካን ስሙን ጠራች። ተነሣ፤ እጅጌውን እየሰበሰበ ገባ።